ከውሉ በፊት የተደረገ ጸሎት

«ጸሎቱ የተደረገው ውሉ ከመጽናቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ይህን የጠየቀችው የቤት ዕቃ ዋስትና ኩባንያው ሠራተኛ ናት፣ በእንግሊዝኛ፤ ቦይለሩ መቼ ማፍሰስ እንደጀመረ ስትጠይቅ ካሰች ስለ ጸሎቱ አንስታባት ነበር። በአማርኛ የደገመችው ደግሞ ስሟን ሳይሆን ቁጥሯን ብቻ ተናግራ ሥራ የጀመረች አስተርጓሚ ናት። ካሰች ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋዋለች፤ ሁለት እጇ ሥራ ላይ ነው። የባሏን የእንግዳን ግራ እጅ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራ የተኮማተሩትን ጣቶች አንድ በአንድ እየዘረጋች ነበር። ጥያቄውን ስትሰማ ጣቱን እንደያዘች ቆመች። በስልሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ ስለ ጸሎት ብዙ ተጠይቃለች፤ ጸለይሽ ወይ፣ ምን አገኘሽ፣ ለምን አትጸልዪም ተብላለች። ጸሎትሽ ከወርሃዊው ክፍያ ይቀድማል ወይስ ይከተላል ያላት ሰው ግን እስከዚያ ሐሙስ ጠዋት ድረስ አልነበረም።

«በፊት ነው እንጂ፣ ልጄ» አለች። «ሴፕቴምበር ላይ ነው የጸለይነው። እነሱ ጋ የገባሁት ኖቬምበር ነው።»

አስተርጓሚዋ ወዲያው አልተረጎመችም። «እናቴ፣ ጥያቄውን ልድገምልዎት? በደንብ ገብቶዎት እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለች። ከዚህ በላይ እንድትናገር ሥራዋ አይፈቅድላትም፤ በተፈቀደላት መጠን ግን እጇን ዘርግታለች። ካሰች አልያዘችውም። ገብቶኛል፣ ንገሪልኝ አለች። ምስክርነት አንዴ ከተጀመረ በግማሽ አይቆምምና ጨመረችበት፤ ቦይለሩ ከሥሩ ያንጠባጥብ እንደነበር፣ የሐሙሱ የጸሎት ኅብረት ጋራዥ ድረስ ወጥቶ እጅ እንደጫነበት፣ በማግሥቱ ከሥሩ ያስቀመጠችውን ሳፋ ደረቅ ሆኖ እንዳገኘችው፣ አምስት ወር ሙሉ ጌታ ሙቅ ውሃ እንዳላሳጣቸው። አስተርጓሚዋ ሁሉንም ተረጎመች፤ አንድ ቃል አላስቀረችም። በወዲያ በኩል የኪቦርድ ድምፅ ተንጣጣ። ከዚያ ሠራተኛዋ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ፣ ብልሽቱ ከውሉ በፊት የነበረና የቤቱ ባለቤትም አስቀድማ ያወቀችው ስለሆነ ኩባንያው እንደማይሸፍነው፣ ለቴክኒሺያኑ የተከፈለው ዘጠና አምስት ዶላርም እንደማይመለስ፣ ቅሬታ ካላት አሥር ቀን እንዳላት ነገረቻትና መልካም ቀን ተመኘችላት። አስተርጓሚዋም መልካም ቀኑን ተረጎመች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ቤቱ ከፌርፋክስ ጎዳና ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው፣ እንግዳ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቶ የከፈለበት ቤት ነው። ቦይለሩ ጋራዡ ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማዎችና ከክርስቲያን ኮንፈረንስ የተረፉ የፕላስቲክ ወንበሮች አጠገብ ቆሟል። ማክሰኞ ዕለት ነው እንደገና ማፍሰስ የጀመረው። ረቡዕ ከግሌንዴል የመጣው ቴክኒሺያን በስልኩ ባትሪ ከሥሩ አየው፣ ስድስት ፎቶ አነሳ፣ ጋዙንም ቧንቧውንም ዘጋና ሄደ። ሲሄድ ታንኩ ከሥሩ መዝገጉን፣ አንዳንዴም ዝገቱ ራሱ ቀዳዳውን ለወራት ደፍኖ እንደሚይዘው ነግሯታል። እኔ የቦይለር ባለሙያ አይደለሁም። ዝገቱን ማን አዘዘው ብትሏት ግን ካሰች መልስ አላት፤ መልሷንም ለመስማት ዘጠና አምስት ዶላር አታስከፍልም። አዲሱ ከነመግጠሚያው ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው ተብላለች። ከስትሮኩ ወዲህ የእንግዳ ግራ እጅ ጠዋትና ማታ ሙቅ ውሃ ካላገኘ እንደ ደረቀ ቆዳ ይኮማተራል፤ ሁለት ቀን ከቀረበት ሲነኩት ያለቅሳል። ስለዚህ ካሰች ከማክሰኞ ጀምሮ በትልቁ ብረት ድስት ውሃ እያፈላች፣ ከምድጃው እስከ ባኞ ቤት በሁለት እጇ እየተሸከመች ነው። ወገቧን ስለሚያማት በመንገዱ ላይ አንዴ ታርፋለች፤ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ድስቱን የምታስቀምጥበት ቦታ ክብ ሆኖ ጠቁሯል።

እንግዲህ የዚህን ውል አመጣጥ ልንገራችሁ፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። በሴፕቴምበሩ ሐሙስ እጃቸውን ከጫኑት ስምንት ሰዎች አንዱ ጌድዮን ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ የሐሙሱ ኅብረት መሪ፣ በሥራው ደግሞ ፌርፋክስ ላይ ታክስ የሚሠራ፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ ቲኬት የሚቆርጥ፣ አርባ አምስት ዓመት ያልሞላው ቀልጣፋ ሰው። በተከታዩ እሑድ ካሰች ቤተ ክርስቲያን ማይክ ይዛ ስትመሰክር ከፊት ወንበር ሆኖ ከሁሉም ቀድሞ አሜን ያለው እሱ ነው። ኖቬምበር ላይ በአንዱ ሐሙስ ፎርም ይዞ መጣ። በወር ስልሳ አራት ዶላር፤ ቦይለሩ፣ ማሞቂያው፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው ሁሉ ቢበላሽ ኩባንያው ይጠግናል። ካሰች ጌታ የጠገነውን ነገር ለምን እንደገና በገንዘብ እንደምታስጠብቀው አልገባትም ነበር፤ ጠየቀችውም። እሱም «ጌታ ይጠብቃል፣ ሰው ደግሞ ይጠነቀቃል፣ እትዬ ካሰች» አላት። አባባሉ ጥሩ ነው፤ ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ ደግሞ ቃሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። እሱ ሞላው፣ እሷ ፈረመች። አራት ወር ከፍላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ የካሰች ላም በየወሩ ሣር መብላቷ ነው።

ልጇ አቢጋኤል ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልኩን ሰምታለች። ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሐሙስ ኦፏ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ገባችና ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «እማዬ፣ ማን ንገሪ አለሽ?» አለች።

«እውነቱን ነው የነገርኳት።»

«እውነት አይደለም'ኮ የጠየቁሽ። መቼ ሊክ ማድረግ ጀመረ ነው ያሉሽ። ቱስደይ፣ በቃ። ዛት'ስ ኢት። እኔን ብትጠሪኝ ምን ነበር?»

 አቢጋኤል በየቀኑ ክፍሉ አልተጸዳም እያለ የሚጮህ የሆቴል ደንበኛ እየተቀበለች፣ አየር ማቀዝቀዣው ትናንት ድረስ ይሠራ ነበር እያለች የምትውል ልጅ ናት፤ ውሸት እንኳ አይባልም፣ ዩኒፎርም ነው። ይህን ካሰች ታውቃለች፤ የዚያ ሥራ ደሞዝ የመብራቱን እንደሚከፍልም ታውቃለች።  እንግዳ አንዷንም ሌላዋንም አየ፤ ከስትሮኩ ወዲህ ንግግሩ ጥቂት ነው። ውሃው ቀዝቅዞበት እጁን ሊያወጣ ሲሞክር ካሰች ፎጣውን አቀበለችውና ጫማዋን አደረገች።

ሐሙስ ጎዳናው የሚጠረግበት ቀን ስለሆነ ሰው ሁሉ መኪናውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እያዛወረ ነበር። ካሰች በእግሯ ሄደች። የጌድዮን ቢሮ ከአንድ ልብስ መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጥቅስ ከሁሉም የምስክር ወረቀቶች በላይ ተሰቅሏል። ሲቀበላት ተነስቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ጋሼ እንግዳ እንዴት ናቸው ብሎ ነው፤ ይህ ሰው በአክብሮት አይታማም። መጀመሪያ እጇን ልትታጠብ ፈቃድ ጠየቀችው፤ ከፌርማታው አጥር ተደግፋ እጇ አቧራ ነክቶት ነበር። ሽንት ቤቱ ውስጥ ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃው ወዲያው ሞቆ መጣ። ሁለት እጇን ከሥሩ ይዛ ከሚገባው በላይ ቆየች። ከሦስት ቀን በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያው የቧንቧ ሙቅ ውሃ ነው፤ መንከሪያ ብትይዝ ኖሮ ሞልታ ትሄድ ነበር።

የሆነውን ስትነግረው ጌድዮን በየመሐሉ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ጸሎቱ ስትደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። «ነገሯቸው? እንዳለ?» አለ። «አይ እትዬ ካሰች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ምስክርነት'ኮ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ለኩባንያ ክሌይም ዲፓርትመንት አይመሰከርም።»

«ፎርሙ ላይ ምን ተብሎ ነው የተሞላው?» አለች ካሰች።

ከኮምፒዩተሩ አውጥቶ አሳያት። ከታች በኩል ሣጥን አለ፤ ከዚህ በፊት የታወቀ ብልሽት ወይም ማፍሰስ፣ የለም፣ ይላል፤ ራይት ተደርጎበታል። የእሷ ፊርማ ከሥሩ ነው። ካሰች መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየችው። «አንተ'ኮ እዚያው ነበርክ» አለች። «ከእኔ ቀጥሎ ነው የቆምከው። እጅህን ጭነሃል።»

እዚህ ላይ ሰው ያፍራል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ጌድዮን አላፈረም፤ እንዲያውም ፊቱ በራ። «ልክ ነው፣ ነበርኩ። ጌታ ፈውሶታል ብለን አምነናል አይደል? የተፈወሰ ነገር ደግሞ ብልሽት አይባልም። እኔ ያንን ሣጥን በእምነት ነው ቼክ ያደረግሁት።» ከዚያም ሳትጠይቀው ከዚህ ሽያጭ የሚያገኘው ኢምንት እንደሆነ፣ ለወገን ብሎ እንጂ ድካሙንም እንደማይሸፍንለት ነገራት። ሳይጠየቅ ስለ ትርፉ ማነስ የሚናገር ሰው ትርፉን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። በእምነት አሉ። እምነቱ ለኮሚሽኑ ሲሆን ተራራ ያነሳል፤ ለካሰች ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር ሲሆን ግን ሣጥን ውስጥ ገብቶ በሯን ይዘጋባታል። ይኼን ካሰች በዚያች ሰዓት አላለችውም፤ እኔ ነኝ የምለው፣ ዝም ብዬ ባልፈው ስለሚያንቀኝ።

መፍትሔ ግን ነበረው። ወዲያው ደብዳቤ ጻፈ፤ ጣቱ ፈጣን ነው። ደብዳቤው እኔ ካሰች እንግሊዝኛ የማልችል አሮጊት በመሆኔ አስተርጓሚዋ ቃሌን አዛብታብኛለች ይላል፤ እኔ የተናገርኩት ቤታችን በየሳምንቱ ስለሚደረግ የተለመደ ጸሎት እንጂ ስለ ቦይለር አይደለም፣ ቦይለሩ ከማክሰኞ በፊት አፍስሶ አያውቅም ይላል። ጌድዮን ከኩባንያው የጥሪ መዝገብ ያገኘው የአስተርጓሚዋ ቁጥርም በትክክል ተጽፏል። በአስተርጓሚ ስሕተት የሚሉ ቅሬታዎች ቶሎ እንደሚያልፉ ጌድዮን ያውቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሠርቶለታል።

«ልጅቷን ምን ያደርጓታል?» አለች ካሰች።

«የቷን?»

«የተረጎመችውን።»

«ኧረ ምንም። ቢበዛ ያስጠነቅቋታል። እነሱ መአት አስተርጓሚ ነው ያላቸው፣ እትዬ ካሰች። እርስዎ ስለ ጋሼ እንግዳ ያስቡ።»

ካሰች ስለ እንግዳ ታስብ ነበር። ደብዳቤውን በሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ አልፈረመችም። ጌድዮን ሸኛት፤ ከሰዓት በኋላ በኅብረቱ ላይ ፈርማ ብትሰጠው ዛሬውኑ እንደሚልከው ነገራት። ደረጃውን ስትወርድ አስተርጓሚዋ «እናቴ፣ ጥያቄውን ልድገምልዎት?» ያለችው ትዝ አላት። አሁን ነው የገባት። ልጅቷ ማምለጫ ከፍታላት ነበር። እሷ አልገባም አለች፤ አሁን ደግሞ በዚያው በር ልጅቷን እንድትገፋት ወረቀት ተሰጥቷታል። መሐል መንገድ ላይ ቆማ ፊቷ ጋለ። 

ቤት ስትደርስ አቢጋኤል ደብዳቤውን አነበበችው። ሁለቴ አነበበችው። «በደንብ ነው የጻፈው» አለች። ቀጥላም ኩባንያው ራሱ ሌባ እንደሆነ፣ አራት ወር ብር ሲወስድ ማንንም እንዳልጠየቀ፣ ሌባን መዋሸት ኃጢአት ከሆነ ኃጢአቱን እሷ እንደምትወስደው ተናገረች። ካሰች ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ልጅቷ ትክክል ናት፤ የሚያሳዝነውም ይኼው ነው። ኩባንያው ሲቀበል በጅምላ፣ ሲሰጥ በሚዛን ነው፤ ካሰች እሱን ለመዋሸት ያን ያህል ሕሊናዋ ላይቆረቁራት ይችል ነበር። የቆረቆራት ሌላ ነው። የምስክሩን ማይክ የያዘችው እሷ ናት፤ ይኼ ወረቀት ያን እሑድ አልነበርኩም በይ ይላታል። ከዚያም አንዲት ስሟን የማታውቃት ልጅ ጥፋቱን ተሸክማ ትሂድ ይላል። አቢጋኤል ደብዳቤውን ከጨው ብልቃጡ ሥር አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። እንግዳ ከሳሎን ሆኖ እጁን በሌላኛው እጁ ይዞ ያሻል።

አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኅብረቱ ተሰበሰበ። ያው ስምንቱ ናቸው፤ ኤልዳና የምትባለው ዘማሪ ጊታሯን ይዛ፣ ሌሎቹ ከሥራ መልስ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ። ካሰች ሁሉንም ሳመች፣ ውሃ አቀበለች። ትልቁ ብረት ድስት ምድጃው ላይ ነው። ጌድዮን ጸሎት ከፈተ፣ አንድ መዝሙር ተዘመረ፣ ከዚያም እንደ ልማዱ ዙሪያውን እያየ ምስክርነት ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። እስክርቢቶ በሸሚዙ ኪስ ሰክቶ ነበር፤ ለፊርማው መሆኑ ነው።

«እኔ አለኝ» አለች ካሰች። «ግን ጋራዥ ነው ያለው። ተነሱ።»

ሰዎቹ ተያዩ፣ ተነሱም። በጓሮ በር ወጥተው ቦይለሩን ከበቡት፤ በሴፕቴምበር ቆመውበት እንደነበረው ማለት ነው። ታንኩ ውስጥ የቀረው ውሃ አሁንም ሳፋው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አቢጋኤል ድምፅ ሰምታ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ካሰች ከጨው ብልቃጡ ሥር አንስታ ቀሚሷ ኪስ የከተተችውን ደብዳቤ አውጥታ ዘረጋችው።

«ይኼ ወረቀት እዚህ ቦይለር ላይ ማንም አልጸለየም ይላል» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በፊት አፍስሶ አያውቅም ይላል። ጠዋት የተረጎመችልኝ ልጅ ዋሽታለች ይላል። የጻፈልኝ ጌድዮን ነው፤ ብፈርም ሙቅ ውሃ አገኛለሁ። እኔ ማስታወስ ተስኖኝ ይሆናል። ጌድዮን፣ ና። ያን ቀን በቆምክበት ቁም። እጅህን ጫንበትና በጌታ ፊት፣ በእነዚህ ፊት፣ እዚህ አልጸለይንም፣ ውሃም አላፈሰሰም በል። አንተ ካልከው አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

አሜን ያለ ሰው የለም። ከስምንቱ አንዳንዶቹ ቦይለሩን፣ አንዳንዶቹ ጫማ የሌለው እግራቸውን አዩ። እነሱም ያን ቀን ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሦስቱ በጌድዮን እጅ ያንኑ ውል ፈርመዋል፣ አሁን የየራሳቸውን ሣጥን ሲያስቡ ፊታቸው ይናገር ነበር። ጌድዮን ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ካሰች፣ ይኼ እንግዲህ የቢዝነስ ጉዳይ ነው። በኋላ ለብቻችን ብንነጋገር» አለ።

«አሜን ያልከውስ የምን ጉዳይ ነበር?» አለች ካሰች።

እጁን ከኪሱ አወጣ። ወደ ታንኩ ዘረጋውም፤ እስከ ግማሽ መንገድ። ሁሉም እጁን ያይ ነበር። እዚያ ደርሶ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ መነጽሩን አስተካከለበት።

ካሰች ደብዳቤውን አጥፋ ሳፋው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «በሉ እናንተ ጸልዩ» አለች፣ «የእንግዳ ውሃ ፈልቷል፣ ላጥበው።» በመካከላቸው አልፋ ገባች። ጋራዡ ውስጥ መዝሙር የጀመረ አልነበረም።

ምድጃውን አጥፍታ ድስቱን ልታነሳ ጎንበስ ስትል አቢጋኤል መጥታ አንዱን የድስት ጆሮ በፎጣ ያዘች። ኮሪደሩን አብረው ተሻገሩ፤ ምንጣፉ ላይ ያለው የጠቆረ ክብ ጋ አላረፉም። እንግዳ ባኞ ቤት ወንበሩ ላይ እጅጌው ተሰብስቦለት ይጠብቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቀሉበት፣ ካሰች በክርኗ ለካችው።

«ዋራንቲውን ነገ ደውዬ ካንስል አደርገዋለሁ» አለች አቢጋኤል።

«ዛሬ አድርጊው።»

«ሪዝን ይጠይቃሉ'ኮ፣ እማዬ። ምን ልበላቸው?»

ካሰች የባሏን እጅ ውሃው ውስጥ ነከረችና ከአውራ ጣቱ ጀምራ መዘርጋት ያዘች። «ከጠየቁሽማ ንገሪያቸው» አለች። «ሁሉንም ንገሪያቸው። አንድ ቃል አታስቀሪ።»